ማራካና ቅርባቸው ሳለ ቫስኮዎች ሳኦ ዣኑዋሪዮን ለምን ሙጥኝ አሉ?

ብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ዓለም የሚያውቀው የኳስ ስታዲየም፣ ማራካና አለ። ከማራካና ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ 22 ሺህ ሰው እንኳ የማይሞላ፣ መቶ ዓመት ገደማ የሆነው አንድ አሮጌ ስታዲየም አለ። ሳኦ ዣኑዋሪዮ ይባላል። ባለቤቱ ቫስኮ ዳ ጋማ ነው፤ ደጋፊው በሚሊዮን የሚቆጠር ክለብ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ትልቁ ሜዳ አጠገባቸው እያለ ትንሹ ውስጥ ምን ያጨናንቃቸዋል?

መልሱ ባንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም። ደብዳቤ አለበት፣ ሲሚንቶ አለበት፣ አምባገነን መሪ አለበት። መጨረሻ ላይ የፎቅ ፈቃድ ሽያጭ ሁሉ ይመጣበታል። ቀስ እያልን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ እንዳታሰሉ።)

ከስሙ እንጀምር። ክለቡን ኦገስት 21 ቀን 1898 ያቋቋሙት ሪዮ የሚኖሩ ፖርቱጋላውያን ስደተኞች ናቸው። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያብድለት ስፖርት የጀልባ ቀዘፋ ስለነበር የመሠረቱትም የቀዘፋ ክለብ ነው። እስከ ዛሬም የክለቡ ሙሉ ስም ላይ ቀዘፋ አለ። ዓመቱ ባሕረኛው ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰበት 400ኛ ዓመት ነበርና በእሱ ሰየሙት።

ይህ ቤተሰብ እኛም ታሪክ ውስጥ አለ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ 1541 ላይ፣ 400 ያህል ጠመንጃ ያዥ ወታደር ይዞ ከምጽዋ ወደ መሀል አገር የዘለቀው ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የዚሁ የባሕረኛው ልጅ ነው። በዓመቱ ከግራኝ አሕመድ ጦር ጋር ሲዋጋ ተማርኮ ተገደለ። ስታዲየሙ ያለበት የሪዮ አካባቢም ሳኦ ክሪስቶቫዎ፣ ቅዱስ ክርስቶፎሮስ ማለት ነው፣ ይባላል። ከልጁ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ግጥምጥሞሽ ነው። ወደ ኳሱ እንመለስ።

ቫስኮ ኳስ የጀመረው ዘግይቶ፣ 1915 ላይ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታውን በ1916 አድርጎ 10 ለ 1 ተቀጠቀጠ። በዚያን ጊዜ የሪዮ እግር ኳስ የጨዋ ልጆች ጨዋታ ነበር። ፍሉሚኔንሴ፣ ፍላሜንጎና ቦታፎጎ ሜዳ ላይ የሚታዩት የሕክምና ተማሪዎች፣ የጠበቃ ልጆች፣ የሀብታም ዘመዶች ናቸው። ባርነት ብራዚል ውስጥ በሕግ የቀረው በ1888 ነው። ባሪያ የነበሩ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ በየሰፈሩ ኳስ ይጫወታሉ። ትልልቆቹ ክለቦች በር ላይ ግን አይደርሱም።

በሩን የዘጋው ጥቁር አይግባ የሚል ደንብ አልነበረም። "አማተር" የምትል ቃል ነበረች። ደንቡ ተጫዋች በኳስ ገንዘብ ማግኘት የለበትም ይላል። ሲሰሙት ንጹሕ ነገር ይመስላል። ግን አስቡት፦ ቀኑን ሙሉ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም የሚውል ሰው መቼ ልምምድ ይሠራል? ካልተከፈለው አይችልም። ከተከፈለው ደግሞ ደንብ ጣሰ። ስለዚህ ቆዳን ሳይጠቅሱ ድሃውን ማስቀረት ይቻላል፤ ድሃው ደግሞ በአብዛኛው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ቫስኮዎች ለዚህ መላ ዘየዱ። ደጋፊዎቻቸው ነጋዴዎች ናቸው፤ ሱቅ አላቸው፣ መጋዘን አላቸው። ተጫዋቹን ሱቅ ውስጥ ተቀጣሪ ነው ብለው ያስመዘግቡታል፣ እሱ ግን ልምምድ ላይ ነው የሚውለው። አሠልጣኙ ኡራጓያዊው ራሞን ፕላቴሮ ደግሞ በሩጫ አንገላታቸው። ጨዋታ ካሸነፉ ጉርሻ አለ። ጉርሻው ደመወዝ እንዳይባል የሎተሪ እንስሳት ስም ወጣለት። "ውሻ" ሲባል 5 ሚልሬይስ (የያኔው የብራዚል ገንዘብ)፣ "ጥንቸል" ሲባል 10፣ እያለ እስከ ላም ይደርሳል። ብራዚል ውስጥ እስከ ዛሬ የማሸነፊያ ጉርሻ "ቢሾ" ይባላል፤ እንስሳ ማለት ነው።

በ1922 ከታችኛው ዲቪዚዮን አደጉ። በ1923 ከትልልቆቹ ጋር ገጠሙ። በረኛው ኔልሰን ታክሲ ነጂ ነበር። ኒኮሊኖ የወደብ ጫኝ፣ ሴሲ ቀለም ቀቢ፣ ቦላው የጭነት መኪና ሹፌር። ጥቁርም፣ ክልስም፣ ድሃ ነጭም አለ። ማልያቸው ጥቁር ስለነበር "ጥቁር ለባሾቹ" ተባሉ። ከዕረፍት በፊት ይመሩ የነበሩት የጨዋ ልጆች ከዕረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እነዚህ ገና ይጀምራሉ። በዓመቱ የተሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በፍላሜንጎ 3 ለ 2። በመጀመሪያ ዓመታቸው ዋንጫውን በሉ።

ሕዝቡ አበደ። ትልልቆቹ ክለቦች ደግሞ ሊጉን ጥለው ወጡ። በ1924 አዲስ ማኅበር አቋቋሙ፣ በምሕጻሩ አሜያ ይባላል። ቫስኮም ይግባ፣ ግን 12 ተጫዋቾቹን ያስወጣ አሉ፤ ሰባቱ ከዋናው ቡድን፣ አምስቱ ከሁለተኛው። ምክንያቱ ምን ተባለ? ሥራቸው በቅጡ አይታወቅም። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ከጨዋታ በፊት ቅጹን መሙላትና መፈረም ነበረባቸውና። ደግሞም ቫስኮ ደህና ሜዳ የለውም። ይህችን የመጨረሻዋን ምክንያት ያዙልኝ፣ ስታዲየሙ የሚመጣው ከእሷ ነው።

ብራዚላውያን እስከ ዛሬ "ታሪካዊው ምላሽ" የሚሉት ደብዳቤ ያኔ ተጻፈ። ቁጥር 261፣ አፕሪል 7 ቀን 1924። ፈራሚው የቫስኮ ፕሬዚዳንት ዡዜ አውጉስቶ ፕሬስቴስ፣ ተቀባዩ የአሜያ ፕሬዚዳንት አርናልዶ ጊንሌ። ደብዳቤውን ላነበበው የሚገርመው ጨዋነቱ ነው። የቢሮ ደብዳቤ ነው፣ "ክቡር ፕሬዚዳንት" ብሎ የሚጀምር። ስድብ የለበትም። ጥቁር የሚል ቃል እንኳ የለበትም። የተጫዋቾቻችን ኑሮና ደረጃ የተመረመረበትን መንገድ አንቀበልም ይላል፤ ራሳቸውን እንዲከላከሉ ዕድል አልተሰጣቸውምና። ከዚያ የልቡን ይናገራል፦ 12ቱ ወጣቶች ናቸው፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ብራዚላዊ ናቸው፣ ሕይወታቸውን ገና መጀመራቸው ነው፤ በአደባባይ ስማቸውን በሚያጎድፍ ነገር የተቀበላቸው ቤት መሪዎች አይተባበሩም። ስለዚህ አንገባም። አለቀ።

እዚህ ላይ ቫስኮን ቅዱስ ማድረግ የሚወዱ ሰዎች አሉ። እኔ ትንሽ ቆንጠጥ ማድረግ እፈልጋለሁ። በሪዮ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈ የመጀመሪያው ክለብ ቫስኮ አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ባንጉ በ1905 ፍራንሲስኮ ካሬጋልን አሰልፏል። (የሚያሳዝነው፣ በ1924 ባንጉ ራሱ ከአሜያ ጎን ነበር።) የቫስኮ ነጋዴዎችም ሰውን ከሰው እኩል እናድርግ ብለው አልተነሱም፤ ማሸነፍ ፈልገው ነው ጥሩ ተጫዋች የፈለጉት። ግን ያሸነፉላቸውን ልጆች አሳልፈው ስጡ ሲባሉ አልሰጡም። ትልልቆቹ ጋር መጫወት ቀርቶባቸው በደከመው አሮጌ ሊግ አንድ ዓመት ቆዩ። እዚያም ሻምፒዮን ሆኑ። በ1925 አሜያ በሩን ከፈተ፤ ቫስኮ ተጫዋቾቹን ይዞ ገባ።

የቀረችው የሜዳዋ ነገር ናት። ሜዳ የላችሁም የሚባለው እውነት ነበር፤ ጠባብ ሜዳ ነበራቸው፣ ለትልልቅ ጨዋታ የሰው ሜዳ ይከራዩ ነበር። ስለዚህ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ትተው መዋጮ ጀመሩ። 10 ሺህ አዲስ አባል እንመዝግብ ብለው "የአሥር ሺዎቹ ዘመቻ" አወጁ። ዳቦ ጋጋሪው፣ የሱቅ ሠራተኛው፣ የታክሲ ነጂው አዋጣ። መንግሥት ያገዘበት አንዳች ሳንቲም የለም፤ እንዲያውም አንድ ነገር ከለከለ። ብራዚል ያኔ ሲሚንቶ በብዛት ከውጭ የምታስመጣ አገር ናት። ክለቡ ከቤልጅየም ሲሚንቶ ላስገባ ብሎ ጠየቀ፣ ፈቃድ ተነፈገው። ይህን ታሪክ ቫስኮዎች ዛሬም ትናንት የደረሰባቸው ያህል ነው የሚያወሩት።

ንድፉን የሠራው ፖርቱጋላዊው ሪካርዶ ሴቬሮ ነው፤ ግንባታውን የያዘው የዴንማርኩ ክርስቲያኒ ኒልሰን። የመሠረት ድንጋዩ ጁን 6 ቀን 1926 ተቀመጠ፣ ስታዲየሙ አፕሪል 21 ቀን 1927 ተመረቀ። አሥር ወር ተኩል። ዛሬ አንድ የመንደር ድልድይ በዚህ ጊዜ ቢያልቅ ዜና ነው። ሪባኑን የቆረጠው ፖርቱጋላዊው አብራሪ ሳርሜንቶ ዴ ቤይረስ ሲሆን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዋሺንግተን ሉዊስም በክብር ተቀምጠዋል፤ ሲሚንቶው የተከለከለው በሳቸው ዘመን ነው። ለምርቃቱ ሳንቶስ ተጋብዞ መጣና ባለቤቶቹን 5 ለ 3 አሸነፈ። ደግሶ መሸነፍም አለ።

ቅርጹ የፈረስ ጫማ ነው። መቀመጫው ሜዳውን ከሦስት ወገን ከብቦ አንዱን የግብ ጀርባ ክፍት ይተዋል። በመንገዱ በኩል ያለው ፊቱ ስታዲየም አይመስልም፤ የድሮ ፖርቱጋላውያን ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው፣ ቅስት በቅስት። ከኋላው ያለው እኛ ጥላ ፎቅ የምንለው የክለቡ አባላት መቀመጫ ነው። ሕጋዊ ስሙ "ቫስኮ ዳ ጋማ ስታዲየም" ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው ግን የለም። ትራም የሚያልፍበት የሳኦ ዣኑዋሪዮ መንገድ ቅርብ ስለነበር ሰው በመንገዱ ስም ጠራው፣ ቀረ።

ሲመረቅ ከደቡብ አሜሪካ ትልቁ ስታዲየም እሱ ነበር። ይህን ማዕረግ ሞንቴቪዴዮ ላይ ሴንቴናሪዮ እስኪሠራ፣ 1930 ድረስ ያዘ። የብራዚል ትልቁ የሚለውን እስከ 1940፣ የሪዮ ትልቁ የሚለውን እስከ 1950። እንግዲህ ሪዮ ያኔ ዋና ከተማ ናት። የዋና ከተማው ትልቁ ሜዳ ደግሞ ለኳስ ብቻ አይተውም።

ዤቱሊዮ ቫርጋስ ይህን ቀድሞ የገባው መሪ ነው። ከ1937 ጀምሮ ፓርላማውን ዘግቶ በአዋጅ ይገዛ ነበር። ምርጫ የለም፣ ስለዚህ ሕዝብ ፊት መቆሚያ ሌላ መድረክ ያስፈልገዋል። ሜይ 1 ቀን፣ የሠራተኞች ቀን፣ ሳኦ ዣኑዋሪዮን በሠራተኛ ይሞላና ንግግሩ በሬዲዮ ይተላለፋል። በ1940 የአገሪቱን የመጀመሪያ ዝቅተኛ ደመወዝ ያወጀው እዚያ ነው። በ1941 ደግሞ የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤቶች ሥራ መጀመራቸውን እዚያው አበሰረ። አቀናባሪው ቪላ ሎቦስም በሺዎች የሚቆጠሩ የትምህርት ቤት ልጆችን እዚያ አሰልፎ በኅብረት አዘምሯል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሥራቸው ምን እንደሆነ አይታወቅም ተብለው የተናቁ ሰዎች ያስገነቡት ሜዳ፣ 15 ዓመት ሳይሞላው የሠራተኛ መብት የሚታወጅበት አደባባይ ሆነ። መብቱን የሰጠው አምባገነን መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ብራዚላውያን ዛሬም ይከራከሩበታል።

ኳሱም በዚያው ዘመን ነው የደመቀው። ከ1945 አካባቢ ጀምሮ የነበረው ቡድን "የድል ባቡር" ይባል ነበር። በ1948 ሳንቲያጎ፣ ቺሊ ሄዶ የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖችን ውድድር አሸነፈ። በ1949 ብራዚል የአህጉሩን ዋንጫ ያነሳችው ሳኦ ዣኑዋሪዮ ላይ ነው፣ ፓራጓይን 7 ለ 0 ገርፋ። የ1950ው የዓለም ዋንጫ ቡድን አሠልጣኝ ፍላቪዮ ኮስታ የቫስኮ ነበር፤ በረኛው ባርቦዛ፣ አጥቂው አዴሚር፣ አምበሉ አውጉስቶ፣ ሌሎችም የቫስኮ ልጆች ነበሩ። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ቡድኑ ጸጥ ካለ ማረፊያው ወጥቶ ሳኦ ዣኑዋሪዮ እንዲያድር ተደረገ። ፖለቲከኛው ሁሉ ገና ሳይጫወቱ "ሻምፒዮኖች" ለማለት እዚያ ተሰለፈ። በማግስቱ ማራካና ላይ ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ባርቦዛ፣ ጥቁሩ በረኛ፣ በ2000 እስኪሞት ድረስ የዚያች ግብ ዕዳ አልወረደለትም። የአገሩ ከባዱ እስራት 30 ዓመት ሆኖ ሳለ እሱ ከዚያ በላይ እንደተፈረደበት ይናገር ነበር።

ማራካና ከተሠራ ወዲህ ሳኦ ዣኑዋሪዮ ትንሽ ሜዳ ሆነ። ትልልቁ ግጥሚያ እዚያ ሄደ። ቫስኮ አዲሱ ማራካና ላይ የመጀመሪያው የሪዮ ሻምፒዮን ስለሆነ ደጋፊው በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ መረጠ፤ በቀኝ። ከዓመታት በኋላ ፍሉሚኔንሴ ያ ቦታ የኔ ነው ሲል የተነሳው ጠብ እንደ ድንበር ክርክር ነበር። በቅርቡ ደግሞ ማራካናን ለ20 ዓመት የማስተዳደር መብት ፍላሜንጎና ፍሉሚኔንሴ አንድ ላይ ሆነው ወሰዱ። ቫስኮም ተወዳድሮ ነበር፣ አልቀናውም። "ለምን ማራካና አይጫወቱም?" የሚል ሰው ይህን ይወቅ፦ እዚያ ሲሄዱ የጎረቤት ቤት ነው የሚከራዩት። በ1925ም እንዲሁ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደስታም መርዶም የተቀላቀለበት ነው። ክለቡ የብራዚል ሻምፒዮን የሆነው አራት ጊዜ ነው፦ በ1974፣ በ1989፣ በ1997ና በ2000። በ1998፣ ልክ መቶ ዓመቱን በደፈነበት ወር፣ ሊበርታዶሬስን፣ የደቡብ አሜሪካ ክለቦችን ዋንጫ፣ አነሳ፤ የመጀመሪያውን የፍጻሜ ጨዋታ ሳኦ ዣኑዋሪዮ ላይ የኢኳዶሩን ባርሴሎና 2 ለ 0 አሸንፎ። በ2007 ሮማሪዮ፣ ራሱ በያዘው ቆጠራ፣ ሺኛ ግቡን እዚያ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። ቆጠራው ያጨቃጭቃል፤ ሐውልቱ ግን ከግቡ ጀርባ ቆሟል።

መርዶው ዲሴምበር 30 ቀን 2000 ነው። የሊጉ ፍጻሜ ከሳኦ ካኤታኖ ጋር፣ ሜዳው ጢም ብሏል። ሰው ተገፋፍቶ የሽቦ አጥሩ ተደረመሰ። ከ150 በላይ ሰው ተጎዳ፣ ቆስለው ሜዳ ላይ የተኙ ሰዎች መሀል ሄሊኮፕተር አረፈ። የሞተ አልነበረም። ጨዋታው በጃንዋሪ ማራካና ላይ ተደግሞ ቫስኮ 3 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ፤ በ2008፣ በ2013፣ በ2015፣ በ2020 አራት ጊዜ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በ2022 ክለቡ የኳሱን ዘርፍ ኩባንያ አድርጎ 70 በመቶውን 777 ፓርትነርስ ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት በ700 ሚሊዮን ሬያል ሸጠ። በ2024 ፍርድ ቤት የድርጅቱን ሥልጣን አገደና አስተዳደሩ ወደ ክለቡ ተመለሰ።

በዚህ መሀል ሜዳው ራሱ ተከሰሰ። ጁን 2023 ጎያስ ካሸነፋቸው በኋላ ደጋፊው ርችት ወረወረ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰ፣ ስታዲየሙ ለተመልካች ተዘጋ። እስከዚህ ድረስ የታወቀ ነገር ነው፤ የትም አገር ይሆናል። ነገሩን ያከረረው ከዳኞች አንዱ የጻፈው ምክንያት ነው። ስታዲየሙ ባሬይራ ዶ ቫስኮ በሚባል የድሆች ሰፈር የተከበበ ነው፣ ከዚያም የተኩስ ድምፅ ይሰማል የሚል ነበረበት። የሰፈሩ ሰው ተቆጣ። በጨዋታ ቀን ቢራና ሥጋ ጥብስ ሸጦ የሚያድረው ሁሉ ገቢው ቆመ። ቫስኮዎች ደግሞ 1924ን መዘዙ፦ ያኔ ተጫዋቾቻችሁ አይመጥኑም አሉን፣ አሁን ጎረቤቶቻችሁ አይመጥኑም ይሉናል። ንጽጽሩ ተለጥጧል ማለት ይቻላል፤ ብጥብጡ የእውነት ነበርና። ሰፈርን እንደ ወንጀል ማስረጃ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ሜዳው በሴፕቴምበር ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት ሴቶች፣ ልጆችና አካል ጉዳተኞች ብቻ ነበሩ። ቫስኮም ኮሪቲባን 5 ለ 1 ደቆሰ።

አሁን ወደ ፎቁ ፈቃድ። ቫስኮ ስታዲየሙን ከ40 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ አድርጎ ማደስ ይፈልጋል። ብር የለውም። ከተማው ግን አንድ ዘዴ ሰጠው። እንዲህ ነው የሚሠራው። በከተማ ፕላን እያንዳንዱ ቦታ ላይ ይህን ያህል ካሬ መገንባት ይቻላል ተብሎ ተወስኗል። እናንተ ጂ ፕላስ 8 የተፈቀደበት ቦታ ኖሯችሁ ጂ ፕላስ 1 ብቻ ብትሠሩ፣ ሰባቱ ፎቅ በወረቀት ላይ አለ፣ መሬት ላይ የለም። የኳስ ሜዳም እንዲሁ ነው፤ ሰፊ ቦታ ይዞ ሣር ነው የሚያበቅለው። ያልተሠራው መብት ግን አለ። በጁላይ 2024 የጸደቀው የከተማው ሕግ ቫስኮ ይህን ያልተሠራ መብት ለሪል ስቴት ሠሪዎች እንዲሸጥ ፈቀደ። ገዢው ባሬይራ አጠገብ አይሠራም፤ ባሃ ዳ ቲዡካን በመሰለ የባለጸጋ ሰፈር ከተፈቀደለት በላይ ፎቅ ይጨምርበታል። ገንዘቡ ለስታዲየሙ ሥራ ይውላል፤ ግማሽ ቢሊዮን ሬያል ገደማ ይገኛል ተብሎ ታስቧል።

ብልህ መንገድ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው ገዢ ነው። መብቱ ገበያ ካልወጣለት ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ግንባታውም የአፓርታማ ገበያውን ፍጥነት ይጠብቃል። ሁለተኛው የትኬት ዋጋ ነው። ብራዚል ውስጥ ስታዲየም ሲታደስ የቆመው ሰው ወንበር ያገኛል፣ ወንበሩ ደግሞ ዋጋ አለው። ማራካና ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ከታደሰ በኋላ ድሮ ግር ብሎ ይገባ የነበረው ድሃ ደጋፊ ቲቪ ፊት ቀርቷል።

በእድሳቱ ንድፍ ውስጥ ግን የማይነካ አንድ ነገር አለ፤ በቅርስነት የተመዘገበው የ1927ቱ ፊት። ከኋላው ምንም ይሠራ ምን፣ ቅስቶቹ እንዳሉ ይቆማሉ፤ ከባሬይራ በእግር የሚመጣውም ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው።